ፒካኑ ገና አላቆጠቆጠም

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስነዳ፣ ጋርላንድ ውስጥ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ አንዲት ትንሽ ዛፍ ሐምራዊ ለብሳ አየሁ። ቅጠል የላትም። ቅርንጫፎቿ እንደ ደረቀ ጭራሮ ናቸው። አበባው ግን ከግንዷ አንስቶ እስከ ጫፏ ተለጣጥፎባታል። የአገሬው ሰዎች ሬድበድ ይሏታል። ቅጠሏን ሳታወጣ የምታብብ፣ ነገሩን ከመጨረሻው የምትጀምር ዛፍ ናት። የትራፊኩ መብራት አረንጓዴ መሆኑን ረስቼ ስመለከታት፣ ከኋላዬ የነበረው ሰው ክላክሱን አንባረቀብኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ሃያ ዓመት አሜሪካ ለኖረ ሰው አበባ ብርቅ የሆነበት እንዳይመስላችሁ። ክረምቱ ስለረዘመብኝ ነው። እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ክረምት የምንለው እኛ ያደግንበትን ክረምት አይደለም። የእኛ ክረምት ጭቃ ነው፣ ጎርፍ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው፤ ምድሩም አረንጓዴ ነው። የዚህ አገር ክረምት ግን ደረቅ ነው። ሣሩ ገለባ ይመስላል፣ ዛፉ ይራቆታል፣ የሰሜኑ ነፋስ ሲነሣ አጥንት ይሰረስራል።

አንዳንዴም እንደ 2013 ዓ.ም. የካቲት ይሆናል። በዚያ ሰሞን በዳላስ ፎርት ዎርዝ አየር ማረፊያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። በመላው ቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ፎርት ዎርዝ ውስጥ በረዶ በተጋገረበት አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ማለዳ 133 መኪኖች ተላትመው 6 ሰዎች ሞቱ። የቴክሳስ የጤና መሥሪያ ቤት በኋላ እንደቆጠረው በዚያ ብርድ ሳቢያ የሞቱት 246 ናቸው። እኛ ቤት ሁለት ቀን ተኩል መብራት አልነበረም። ከአንድ የአገራችን ልጅ ቤት የጋዝ ምድጃ ስለነበረ፣ አራት ቤተሰብ እሷ ዘንድ ተሰብስበን ሽሮ እየበላን ብርዱን አሳለፍነው። እንዲህ ያለ ክረምት ያየ ሰው የመጀመሪያዋን አበባ ሲያይ መኪና ቢያቆም የሚፈረድበት አይመስለኝም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ። ከናይሮቢ ነው።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ብርዱ እንዴት ነው?" አለኝ። ትንሽ ዝም አለና በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ። "ዘንድሮስ ምን ይታይዎታል? ጸደይ ነው ወይስ አይደለም?"

ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ያመኛል። ለምን እንደሚያመኝ ልንገራችሁ።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አህመድ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ እዚሁ ዳላስ ሌሊቱን ኮምፒዩተሬ ላይ ተተክዬ አደርኩ። ሳይነጋ "ጸደይ መጣ" የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። መግቢያው ላይ ብልጠት ቢጤ ጨምሬበት ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ የቀረው ክረምት ነው። አብዛኞቻችን መስከረምንና አደይ አበባን "ጸደይ" የምንለው ከልማድ ነው። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ስሠራ አንድ ድጓ የተማሩ አዛውንት አራሚ ነበሩን። በየመስከረሙ "ልጄ፣ ይሄ እኮ መፀው ነው" እያሉ ቃሉን በቀይ ብዕር ይሰርዙታል፤ እኔ ደግሞ "አንባቢው አያውቀውም" እያልኩ እመልሰዋለሁ። በ2010 ግን የሳቸው ትምህርት ጠቀመኝ። ቃለ መሐላው የተፈጸመው እውነተኛው ጸደይ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብዬ ጻፍኩ። አንባቢም ወደደልኝ።

ይህ ወጣት ያኔም ናይሮቢ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የግል መጽሔቶችና ጋዜጦች ሲከሰሱ አገር ጥለው ከወጡት ጋዜጠኞች አንዱ ነው። ጽሑፌን አነበበና ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ ልመለስ?"

"ተመለስ እንጂ! እኔም እከተልሃለሁ" አልኩት።

እሱ ተመለሰ። እኔ ዳላስ ቀረሁ። ምክንያት አላጣሁም፤ የልጆች ትምህርት አለ፣ የቤት ዕዳ አለ፣ የደም ግፊት አለ። እሱ አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየና የዩቲዩብ ዝግጅት ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ለሳምንታት ታሰረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ ለወራት ታሰረ። ሲፈታ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ እንደገና ናይሮቢ ገባ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን "እርስዎ ነዎት የላኩኝ" ብሎኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንድሮስ ጸደይ ነው?

እርግጥ ነው፣ በ2010 ያየሁት አበባ የወረቀት አበባ አልነበረም። እስረኞች ተፈትተዋል። ከ250 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች ተከፍተዋል። ለጋዜጠኞች መብት የሚከራከረው ሲፒጄ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲቆጥር፣ በሥራው ምክንያት ኢትዮጵያ ውስጥ የታሰረ አንድም ጋዜጠኛ አላገኘም፤ በ14 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። እኛም ዳላስ ቁጭ ብለን ሙቀቱ ደርሶናል። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል እዚሁ ከተማችን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልገኝ ብለው ጠየቁ፤ ቦርዱ ሳይቀበላቸው ቀረ። በዚያ ሳምንት ስታዲየሙ ውስጥ ከኳሱ ይልቅ የደመቀው ክርክሩ ነበር። ቦርዱን አምርረው ከነቀፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። "ጸደይን ከደጃፍ መለሱት" ብዬ ቡና ቤት ውስጥ ስጮህ የሰሙኝ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ዳላስ አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተነሣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በተፈረመ ባመቱ ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተቀጣጠለ። ያ ሲፒጄ እ.ኤ.አ. በ2018 ዜሮ ብሎ የነበረውን መዝገብ በ2023 ሲከፍተው ስምንት ጋዜጠኞች እስር ቤት ነበሩ።

ታዲያ ስህተቴ የቱ ላይ ነው? መልሱን ያገኘሁት ከፎርት ዎርዝ በስተ ምዕራብ ከሚገኘው ከፓርከር ካውንቲ ነው። ዌዘርፎርድ የምትባለው ከተማ አካባቢ በኮክ የታወቀ ነው። እዚያ ኮክ የሚያለማ አንድ ሽማግሌ ነጭ ገበሬ እንዳስረዳኝ ኮክ ብርድ ይቆጥራል። ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነበት እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል፤ እንደየዝርያው የሚፈለገው ያህል መቶ ሰዓት ሳይሞላ እንቡጡ ከእንቅልፉ አይነቃም። በታኅሣሥ ሙቀት ቢመጣ ዛፉ አይሸወድም። አደጋው የሚመጣው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በየካቲት አንድ ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ዛፉ አምኖ ያብባል። በዚህ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ የሚወርደው ግን በአማካይ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ዓመት እስከ ሚያዝያም ይዘገያል። አንዲት ሌሊት ትበቃለች። ጠዋት አበባው ይጠቁራል፤ የዚያ ዓመት ፍሬ ቀረ ማለት ነው።

"ሙቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ጸደይ ግን አልነበረም" አለኝ ሽማግሌው።

ይህን ለመስማት ቴክሳስ ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። አባቴ ወሎ ውስጥ የበልግ ገበሬ ነበር። በየካቲት የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ዘር ሲያወጣ፣ እሱ በዱላው ጫፍ መሬቱን ይወጋና እርጥበቱ የት ድረስ እንደገባ ያያል። "ላይ ላዩን ነው" ካለ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ይቆያል። እናቴ ሰው ቀደመን ብላ ስትጨነቅ "ያለን ዘር አንድ ነው" ይላታል። እኔ የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ ላይ ላዩን አይቼ ዘራሁ። የዘራሁት ደግሞ የሰው ልጅ ነበር።

አገራችንም በየካቲት ስታብብ የመጀመሪያዋ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ተነሣ። "ያለ ምንም ደም" ተባለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወጣ፤ የአዲስ አበባ መንገዶች በጋዜጣ ተጥለቀለቁ። ብዙ ሳይቆይ አዘጋጆቹ ከቢሯቸው ይልቅ ማዕከላዊን አዘወተሩ።

በ1997 ዓ.ም. የሆነው ግን እኔንም ይመለከታል፤ ይህን ሳልናገር የ2010ሩን ብቻ ብናዘዝ ግማሽ ኑዛዜ ይሆንብኛል። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ ቆሜ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቦታ፣ ያን ያህል ሰላማዊ ሆኖ፣ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሕዝቡ መሬቱን በዱላው ወግቶ "ገብቷል" ያለበት ቀን ነበር። ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ፎቶግራፍ አንሺያችን ከከፍታ ላይ ያነሣቸውን ግሩም ፎቶዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። ማንም ስልክ አልደወለልኝም፤ ማንም ትዕዛዝ አልሰጠኝም። በገዛ እጄ አንዱን መርጬ፣ ጠርዝ ጠርዙን አስቆርጬ፣ የሰው ባሕር የነበረውን የሰው ኩሬ አድርጌ አወጣሁት። ከሳምንት በኋላ ግንቦት 7 ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። በሰኔና በጥቅምት የተገደሉትን አጣሪ ኮሚሽኑ ሲቆጥር ሲቪሎቹ ብቻ 193 ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አገር ለቅቄ ወጣሁ።

እንግዲህ እኔ ማለት ይኸው ነኝ። በ1997 ያየሁትን አበባ ቆርጬ ያሳነስኩ፣ በ2010 ደግሞ ያየሁትን አበባ አጉልቼ ፍሬ ነው ያልኩ። በመጀመሪያው ፈርቼ ነው፣ በሁለተኛው ጓጉቼ ነው። ሁለቱም ከጋዜጠኛ አይጠበቅም። የጋዜጠኛ ሥራ የዛፉን ስም መጥራት ነው፤ ሬድበዷ አብባለች፣ ኮኩ እንቡጥ ይዟል፣ ፒካኑ ገና ነው።

ፒካን ያልኩት ለምን መሰላችሁ? የምኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ የፒካን ዛፍ አለ። ፒካን ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቴክሳስ ዛፍ ተብሎ በሕግ የተመረጠ ነው። የድሮ ቴክሳሶች የቀን መቁጠሪያም የአየር ትንበያም አያምኑም፤ ፒካኑና መስኪቱ ሳያቆጠቁጡ ቲማቲም አትትከል ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ከሁሉ ዘግይተው ነው የሚነቁት። መስኪት በአገራችን ዘመድ አለው፤ አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። እዚያ አንዳንዱ "የደርግ ዛፍ" ሲለው ሌላው "ወያኔ" ይለዋል አሉ። አልነቀል ያለን አረም ሕዝቡ በየዘመኑ በገዢው ስም መጥራቱ የራሱ የሆነ ጋዜጠኝነት ነው።

ለኢትዮጵያ ፒካኗ የቱ ነው? ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየር፣ ንግግር ሲያምር፣ ሽልማት ሲሰጥ ሬድበድ ናት፤ ውብ ናት፣ ግን ቅጠል ሳይኖራትም ታብባለች። እኔ የምጠብቃቸው የሚዘገዩትን ነው። ዳኛ "በዋስ ይለቀቅ" ሲል ፖሊስ እስረኛውን በዚያው ቀን በሩን ከፍቶ ሲሸኝ። በአማራ ክልል በጦርነቱ የተዘጋ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ አስተማሪው ደመወዙን አግኝቶ፣ ልጁ ዓመቱን ሳያቋርጥ ሲጨርስ። ሹፌር ከአዲስ አበባ ጎንደር ጭነት ይዞ ሲሄድ ሚስቱ "ታግቶብኝ ይሆን" ብላ ስልክ ሳትጠብቅ ስታድር። ከኔ ሙያ አንድ ልጨምር፤ የመንግሥት ጋዜጣ የሚኒስትርን ስህተት በፊት ገጹ ሲያወጣ፣ አዘጋጁም በማግሥቱ እዚያው ወንበሩ ላይ ሲገኝ። እነዚህ ላይ ላዩን አይመጡም። እርጥበቱ ወደ ታች ሳይገባ አይበቅሉም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለስደተኞቹ የሚመር ነገር ልናገር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከ2010 በኋላ ብዙዎቻችን ምንም አበባ ላለማየት ምለናል። አገር ቤት አንድ ደግ ነገር ተሰማ ሲባል "ተንኮል አለበት" እንላለን። አንድ ፍርድ ቤት ቀና ፍርድ ሲሰጥ "ለፈረንጅ ነው" እንላለን። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል። ግን ራሴን ስመረምር ሌላም ነገር አገኘሁበት። ክረምቱ ካለቀ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሃያ ዓመት ያልተመለስኩበት ምክንያት ክረምቱ ነው። የእናቴ ቀብር ላይ ያልተገኘሁት ክረምት ስለሆነ ነው። ጸደይ ቢገባ ማሳበቢያዬን ይዞብኝ ይሄዳል። ውድ አንባቢያን፣ ለክረምቱ ተከራክረን የምናውቅ ሰዎች ካለን ዝም ብለን እጃችንን እናውጣ። እኔ አውጥቻለሁ።

የመጋቢት መጨረሻ ሲመጣ ከዳላስ በስተ ደቡብ ወደ ኤኒስ ሂዱና መንገድ ዳሩን እዩ። ብሉቦኔት የሚሉት ሰማያዊ አበባ ኮረብታውን ያለብሰዋል። በ1901 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ አበባ ሆኖ የተመረጠ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን መሐሉ አስቀምጦ ፎቶ ያነሣል። አበባውን የሚያየው ሁሉ ግን ዘሩ መቼ እንደወደቀ አያውቅም። ዘሩ የሚበቅለው በጥቅምትና በኅዳር፣ ሁሉ ነገር ሊደርቅ ሲል ነው። ክረምቱን እንደ ጎመን ችግኝ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ማንም ሳያየው፣ ወደ ታች ሥር እየሰደደ ይከርማል። በዚያ በ2013ቱ የካቲት በረዶ ሥር ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ አብቦ አይተነዋል። የቴክሳስ የመንገድ መሥሪያ ቤትም አበባው ዘሩን ሳያራግፍ የመንገድ ዳሩን ሣር ከማጨድ ይታገሣል። የእኛ መንግሥታት ገና በእንቡጡ እያጨዱት ነው የተቸገርነው።

አገር ቤት አሁንም መሬት ላይ ተለጥፎ የከረመ አለ። ደመወዙ ተቋርጦ የሚያስተምር አለ። የታሰረ ባልደረባውን ስንቅ እያመላለሰ የሚጽፍ አለ። ስሙን የማናውቀው ዳኛ አለ። ከእኛ የሚፈልጉት "ጸደይ መጣ" እንድንላቸው አይደለም፤ "ክረምት ነው፣ ተኙ" እንድንላቸውም አይደለም። መኖራቸውን እንድናይና በስማቸው እንድንጠራቸው ነው። የተቻለን ደግሞ ስንቅ እናቀብል።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ለዚያ ወጣት ወዲያው አልመለስኩለትም። "ነገ ጠዋት እደውልልሃለሁ" አልኩት። ሲነጋ ወደ ግቢው ወጣሁ። ሬድበዷን ያየሁበት ሰፈር ካጠገቤ ነው፤ ነጩ የጌጥ ሸክኒትም (ፈረንጆቹ ብራድፎርድ ፒር የሚሉት) በየመንገዱ ማበብ ጀምሯል። ወፎቹ ይንጫጫሉ። ወደ ፒካኑ ሄጄ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ያዝኩ። እንቡጡ አለ፤ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራና ጥብቅ ነው።

ደወልኩለት።

"ሬድበዷ አብባለች" አልኩት። "ፒካኑ ገና አላቆጠቆጠም።"

ሳቀ። "ሲያቆጠቁጥ ይደውሉልኛላ?"

"አልደውልልህም" አልኩት። "ሲያቆጠቁጥ መጀመሪያ የራሴን ቲኬት እቆርጣለሁ። አዲስ አበባ ገብቼ፣ መሬቱን በዱላ ወግቼ፣ ከዚያ ነው የምደውልልህ።"

ናይሮቢ ላይ ዝም አለ። ቆይቶ "እሺ ጋሼ" አለኝ።

ይህን እዚህ የጻፍኩት እናንተ ምስክር እንድትሆኑብኝ ነው።

ቸር ያሰማን።